ፊቱን ወደ ታቦቱ አዙሮ ስለቆመው መኪና

ቀን፦ የካቲት 29
ቁጥር፦ ቁጥርም ማኅተምም ያለው በእርስዎ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ይህ ደብዳቤ ያለ ቁጥር ቀርቧል

ለክቡር አቶ ሰውነት ፈንታው
የደጋ መንደሮች ድጋፍ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከመቀመጫዎ ድረስ ይድረስልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አምና ያስገነቡት ቤት፣ የቤቱ አጥር፣ አጥሩን የሚጠብቁት ሁለቱ ውሾች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ ከብልባላ በላይ ያለን ሰዎች ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለን። የያዝነውን ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው እንዲያደርስዎ እለምናለሁ። ሰሞኑን በሰው ሞተር ብስክሌት ላይ ከኋላ ተቀምጠው ሲሄዱ ስላየሁዎት፣ ወገብዎንም አምላክ እንዲጠብቅልዎ ጨምሬ እለምናለሁ።

እኔ ባንቺዓለም አድማሴ እባላለሁ። በብልባላ ገበያ ከሾላው ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር፣ በመንደራችንም የቅሬው ጸሐፊ የሆንኩ ሴት ነኝ። ክቡርነትዎ የዚሁ አገር ልጅ ቢሆኑም ወንበር ላይ ከወጡ ወዲህ ረስተውት እንደሆነ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የሞተውን ይቀብራል፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ጥሩምባ ተነፍቶ ያልመጣውን ይቀጣል። በጠረጴዛዎ ላይ ከተከመሩት ማመልከቻዎች ብዙዎቹ የእኔ እጅ ሥራ ናቸው። «ክቡርነትዎ ጉዳዩን በጥሞና ተመልክተው» የምትለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አላነበቧት። የዛሬው ግን የራሴ ጉዳይ ስለሆነ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ሄዶ ከሚቀበር በገበያ መካከል ቢነበብ ይሻላል ብዬ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከከተራ ዕለት ጀምሮ በመንደራችን መንገድ ላይ ተጋድሞ የቆመው የጽሕፈት ቤትዎ መኪና፣ ከነተጎታቹ፣ እንድናነሣው ይፈቀድልን። ልጄ ማርያማዊት ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና ስለወለደች፣ ሁለተኛውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው ሐኪሞቹ አጥብቀው ነግረዋታል። ወደ ላሊበላ የሚያደርሳት መኪና ወደ እኛ ሊወጣ የሚችለው በዚያች በአንዲት መንገድ ነው። መንገዷን የያዘው ደግሞ በሩ ላይ «ለእናቶችና ለሕፃናት» የሚል ጽሑፍ ያለበት መኪና ነው።

ክቡርነትዎ ነገሩን ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ አንብቦ የሚያልፈው መንገደኛ እንዳይቸገር ከመነሻው በተራ ላስረዳ።

አንደኛ። ስለ ተጎታቹ ሐሳብ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። መኪናው በጎ አድራጊዎች ለመንደሮቻችን እናቶች የሰጡት ትልቅ ላንድክሩዘር ነው። የመጣ ዕለት ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ እልል ብለን፣ ጎማውን ሳይቀር አጥበን ተቀብለነዋል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ደም የሚፈሳት የመንደራችን ሴት በቃሬዛ ተይዛ ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ስትደርስ፣ ክቡርነትዎ ወጥተው ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያም ወንበሩን አዩ፣ ከዚያም «ይኼ ወንበር እኮ ቆዳ ነው፤ ደም ከነካው አይለቅም» ብለው ሐቁን ነገሩን። ሴትዮዋ በእህል ጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተጭና ሄደች። ተረፈች፤ ለዚህም የሚመሰገነው ጆንያው ነው።

ክቡርነትዎ ግን ነገሩ ከአእምሮዎ አልወጣ ብሎ ሲያስቡ ከርመው መፍትሔ አመጡ። ለሕመምተኛው ተጎታች ይሠራለት፤ መኪናው ከፊት ሆኖ ይጎትተው አሉ። ስምንት ሰው በወንበር ላይ አንደላቅቆ የሚይዝ መኪና፣ አንድ ሰው ለማሳፈር ከኋላው ሌላ ጋሪ ያስፈለገው በዚህ ዓለም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የመኪናው ውስጥ በሙቀት ጊዜ የሚቀዘቅዝ፣ በብርድ ጊዜ የሚሞቅ ነፋስ አለው ይባላል፤ እኛ ገብተንበት ስለማናውቅ መመስከር አንችልም። ቅሬው ግን ትእዛዙን ተቀብሎ ብረቱንም እንጨቱንም አዋጥቶ፣ ላሊበላ ያለ ብየዳ ቤት ተጎታቹን አሠራ። ፍራሽ አነጠፍንበት፤ ሸራ አለበስነው።

የመጀመሪያው ተሳፋሪ አያ አለሜ ነበሩ። ከሣር ክምር ላይ ወድቀው አንድ እግራቸውን ተሰብረው ተጫኑ፤ ላሊበላ ሲደርሱ ሁለቱንም ይዘው እያቃሰቱ ወረዱ። በየጉድባው ሲነጥሩ ነው የሄዱት። አቧራው በሸራው ቀዳዳ ገብቶ ከጥቁር ሰው ነጭ ሰው አድርጓቸው፣ የገዛ ልጃቸው በድምፃቸው ነው የለያቸው። ድነው ሲመለሱም «ሁለተኛ የታመምኩ እንደሁ ተዉኝ፣ በእግሬ ልሂድ» ብለው ለቅሬው በአደራ ተናግረዋል። አደራቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።

ሁለተኛ። ተጎታቹ ለሕመምተኛ እንደማይመች በአያ አለሜ አጥንት ካረጋገጡ በኋላ፣ ንብረት ቆሞ እንዳይበላሽ በማሰብ ለሚመቸው ነገር ስላዋሉት አመሰግናለሁ። ሲሚንቶ ይመቸዋል፤ ለቤትዎ አመላልሷል። የበዓል በግ ይመቸዋል፤ ያውም በጉ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሄዷል። የሠርግ ወንበርና የቢራ ሣጥን ይመቸዋል። መኪናውም በሠርጉ ወራት ሪባን እየታሰረለት ሙሽራ ሲያመላልስ፣ ሪባኑ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስለሚሸፍነው ማንም ቅር አልተሰኘም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ስለሚባል፣ እርስዎን የሚቆጭዎት ነገር እንደማይኖር እኛም እርግጠኞች ነን።

አንድ ቀን ቃሬዛ ተሸክመን ስንወርድ ከሠርግ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን። መስታወቱን ዝቅ አድርገው እጅዎን አውለበለቡልን። ሁላችንም ትከሻችን ተይዞ ስለነበረ መልስ አልሰጠንም፤ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብን ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቃሬዛው ላይ የነበረችው ሴትም እጇን ልታነሣ አልቻለችም።

ሦስተኛው የከተራው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድሰፋ ይፍቀዱልኝ።

ክቡርነትዎ በዚያ ዕለት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ታቦቱን ለማጀብ መኪናውን ከነተጎታቹ አስከትለው መጡ። በተጎታቹ ላይ ጄኔሬተር፣ ሞንታርቦ፣ ድንኳንና ለክቡራን እንግዶች የሚሆኑ ወንበሮች ተጭነው ነበር። ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ጉዞ ሲጀምር መኪናው ከፊት ሆኖ መዝሙር እያሰማ ይመራ ጀመር። እስከዚህ ድረስ ማንም ያጠፋው ጥፋት የለም።

ከዚያ በኋላ ግን ክቡርነትዎ አንድ ነገር ተመለከቱ። ዲያቆናቱ የዕጣን ጽናቸውን እያወዛወዙ፣ ፊታቸውን ወደ ታቦቱ አድርገው፣ ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ነው የሚወርዱት። ሥርዓቱ ነው፤ ለታቦት ጀርባ አይሰጥም። መኪናው ግን ከነሙሉ ክብሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ይህ ለእርስዎ ከባድ ድፍረት መስሎ ስለታየዎት ሰልፉን አስቁመው፣ ሾፌሩን አዳምን ጠርተው «መኪናውን አዙረህ በኋላ ማርሽ ውረድ፤ ለታቦት ጀርባ ተሰጥቶ እንዴት ይኬዳል?» አሉት። አዳም ላብ እያጠመቀው «ጌታዬ፣ ተጎታች ይዤ በዚህ ቁልቁለት በኋላ ማርሽ አይሆንልኝም» አለ። እርስዎም ሁላችንም እየሰማን «ዲያቆናቱ የቻሉትን አንተ ምን ያቅትሃል?» ብለው ገሠጹት።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላልና፣ ከኃላፊው በላይ ስለ መኪናው እናውቃለን ብለን ቡዳ መባልን የፈለገ አልነበረም። መኪናው በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ዞረ። ፊቱን ወደ ታቦቱ አድርጎ፣ ተጎታቹን በጀርባው እየገፋ ቁልቁለቱን ተያያዘው። በቀጥታው መንገድ ላይ አማረበት። እናቶች እልል አሉ፤ አልደብቅም፣ እኔም እልል ብያለሁ። ማርያማዊት ብቻ ሆዷን ይዛ ከካቡ ጥግ ቆማ «እማ፣ ይኼ ነገር ይወድቃል» ትለኝ ነበር።

ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ አዳም መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ተጎታቹ ወደ ግራ ሄደ። አዳም ወደ ግራ አዞረ፤ ተጎታቹ ወደ ቀኝ ሄደ። እርስዎ ከፊት ቆመው በሁለት እጅዎ ሁለቱንም አቅጣጫ ያሳዩት ነበር። ከዚያም ተጎታቹ እንደ ሰንጢ ታጥፎ አንድ ጎማው ከመንገዱ ወጣና ቦዩ ውስጥ ተሰነቀረ፤ የክቡራን እንግዶች ወንበሮች ተራ በተራ ወደ ገደሉ ወረዱ፤ ላንድክሩዘሩም መንገዱን ከካቡ እስከ አፋፉ ሞልቶ ተጋደመ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬ ብቻ እንዳልሆነ ያን ዕለት ተረዳሁ።

ታቦቱ ቆመ። ወደ ኋላ አይመለስ፣ ታቦት ከመንገድ አይመለስም፤ ወደ ፊት አይሄድ፣ መንገድ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍር ነበር። ክቡርነትዎ ግን ማይክሮፎኑን አንሥተው «ምእመናን ሆይ፣ ታቦቱ ከዚህ አልንቀሳቀስም ብሏል፤ ተአምር ነው፣ እልል በሉ» ብለው አወጁ። ከኋላ ያለው ሕዝብ መኪናውን አያይምና እልልታው አስተጋባ፤ ተንበርክከው ያለቀሱ አሉ፤ ስለት የተሳሉም አሉ። የደብሩ አስተዳዳሪና የቅሬያችን ዳኛ መምሬ ተክለ ሚካኤል፣ ከአጠገብዎ በጃንጥላ ሥር ቆመው «ታቦቱስ በሄደ ነበር፤ መንገዱን ልቀቁለት» ያሉት ለእርስዎ ብቻ ነበር። ማይክሮፎኑን ስላላጠፉት ግን ቃላቸው ለሕዝቡ ሁሉ ተዳረሰ።

ታቦቱ በመጨረሻ ካቡ ፈርሶለት በታጨደ የገብስ ማሳ ዞሮ ወረደ። ማሳው የእኔ ነው። በረከት አልፎበታልና ስለ እሱ የምከሰው ክስ የለኝም።

አራተኛ። ስለ አጣሪ ኮሚቴው። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው ማስታወቂያ፣ ኮሚቴ መቋቋሙን፣ ኮሚቴውም ቦታው ድረስ ሄዶ በዓይኑ እስኪያይ ድረስ መኪናውም ተጎታቹም፣ ቁልፉም ሳይቀር እንደተሰካ፣ ባሉበት እንዲቆዩ፣ ለታቦቱ የፈረሰውም ካብ ተመልሶ እንዲካብ፣ የነካም በሕግ እንደሚጠየቅ አሳወቁን። ሚሊሻው ንጋት ጠመንጃ ተሰጥቶት እንዲጠብቅ ተመደበ። አዳም ከሥራ ታገደ። ኮሚቴው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ወደ ቦታው የሚያደርሰው መኪና የለም ተባልኩ። ጽሕፈት ቤቱ ያለው መኪና አንድ ነው፤ እሱም ምርመራ ላይ ነው። በዚህ አያያዝ ኮሚቴው የሚመጣው መኪናው ሲነሣ፣ መኪናው የሚነሣው ኮሚቴው ሲመጣ ነውና፣ ሁለቱም እስኪገናኙ ዕድሜ ይስጠን።

እንዲያም ሆኖ ኮሚቴው ሳያይ የደረሰበት ውጤት እንዳለ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ ተጎታቹን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ጋንቾ ነው ተብሏል። ጋንቾው በቅሬው ወጪ የተሠራ ስለሆነ ተጠያቂው ቅሬው ነው ተብሏል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው። ጋንቾ ወደ ኋላ ውረድ ብሎ አላዘዘም፤ ጋንቾ ማይክሮፎንም አልያዘም።

በነዚህ ሳምንታት እኛ እንዴት እንደምንተላለፍ ክቡርነትዎ ጠይቀው ስለማያውቁ ላስረዳዎ። በገበያ ቀን እስከ መንደራችን ይወጣ የነበረው የጭነት መኪና አሁን ጠመዝማዛው ሥር ይቆማል። ሰውና አህያ በመኪናውና በካቡ መካከል በጎን እየተጠጋጋ ያልፋል። ቃሬዛ ግን አያልፍም። ስለዚህ ግማሾቻችን በዚህ ወገን ቆመን ቃሬዛውን ከፍ እናደርግና፣ በኮፈኑ ላይ አንሸራትተን በዚያ ወገን ለቆሙት እናቀብላለን። እስካሁን አንዲት አራስና ሳንባ ምች የያዘው አንድ ሕፃን በዚህ መንገድ ተሻግረዋል። ስለዚህ ያ መኪና እናቶችንና ሕፃናትን አገልግሎ አያውቅም የሚል ሰው ቢመጣ፣ በላዩ ሲያልፉ አይቻለሁ ብዬ እመሰክርልዎታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የሁለት ልጆችዎን የልደት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ የጻፍኩት፣ ከእናትዎም ጋር በአንድ ማኅበር የምጠጣ ሴት ነኝ። ቀና ብለው ሳያዩኝ «ኮሚቴው ሥራውን ይጨርስ፤ አንቺም ልጅሽን ትንሽ ታገሥ በያት» አሉኝ። አንቺ መባሌን ለእናትዎ ነገርኳቸው፤ እሳቸው አለቀሱ እንጂ እኔ አላለቀስኩም። መልእክቱን ግን ለማርያማዊት አድርሻለሁ። ሆዷን ይዛ ስቃ ስቃ «እኔስ እሺ፣ ሆዴ ውስጥ ላለው ማን ይንገረው?» አለችኝ።

አምስተኛውን ቁጥር ጽፌ ነበር፤ ለጾም ወራት የማይገባ ቃል ስለበዛበት ሰረዝኩት። በምትኩ ያለ ቁጥር ልናገር። ፈርቻለሁ፣ አቶ ሰውነት። ልጄ እኔ ፊት ትስቃለች፤ ጨርቋን ግን ጠቅልላ በር አጠገብ ካስቀመጠች ሰንብታለች። ወንዶቹ ትከሻችን አለ፣ እንሸከማታለን ይሉኛል፤ ይሸከሟታልም። ነገር ግን የተሰፋ ሆድ ይዛ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በቃሬዛ ስትንገጫገጭ፣ ከዚያም በእርስዎ መኪና ላይ እንደ ጭነት ስትተላለፍ ሳስበው ሌሊት ተነሥቼ ጨርቋን ፈትቼ መልሼ እጠቀልላለሁ። አንድ ነገር ብትሆንብኝ የምጽፈው ደብዳቤ እንደዚህኛው ትሕትና ያለው አይሆንም። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እርስዎን የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ኖሮ ያን ዕለት ማይክሮፎኑን አያነሡም ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ጉዳዩን በጥሞና ተመልክተው፣ ወይም ሳይመለከቱ፣ ብቻ በአንዲት መስመር «ይነሣ» ብለው እንዲጽፉልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ማኅተም ባይኖረውም እንቀበላለን። ወረቀት ቢያጥርብዎ ንጋትን በቃል ቢነግሩት ይበቃናል። ገመዱም በሬውም ከእኛ ነው፤ ክቡርነትዎ ላብ እንዲያፈሱ የሚጠይቅዎ የለም።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ለሚሰጡን ለዚህ ሁሉ አመራርዎ እጅ ነስቼ፣ ከመንገዱ ወዲህ ማዶ ሆኜ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለዕድሜዎም ማስተዋልን እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የማይቋረጥ አክብሮት ያላት፣
ባንቺዓለም አድማሴ
ማመልከቻ ጸሐፊና የቅሬው ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለቅሬው አባላት በሙሉ
ለብልባላ ገበያ ሾላ ግንድ
ለአጣሪ ኮሚቴው (መኪና ሲያገኝ የሚነበብ)

የተረሳ፦

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሾላው ላይ ሳልለጥፈው ምጡ ቀደመኝ። ማለዳ ነው የጀመራት። ጥሩምባ ተነፋ፤ ቅሬው ወጣ። አያ አለሜ እንኳ በምርኩዛቸው መጥተው በሬ ነድተዋል። ንጋት ጠመንጃውን አንግቶ «ማንም እንዳይነካው ታዝዣለሁ» አለ፤ መምሬ ተክለ ሚካኤልም «ልክ ነህ ልጄ፣ ታዝዘሃል» ብለውት ገመዱን ማሰር ቀጠሉ። ንጋትም ጠመንጃውን ካቡ ላይ አስደግፎ የገመዱን ጫፍ ያዘ። እሱም የቅሬው አባል ነው።

ጋንቾውን ስንፈታው ተጎታቹ ወደ ቦዩ ተገለበጠ፤ ለምርመራ እዚያው ትተነዋል። መኪናውን በበሬ ስበን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ መለስነው። ባትሪው ሞቶ ስለነበረ ገፋነው፤ ያገዱት አዳም ተጠርቶ መጥቶ መሪው ላይ ነበር፤ ከሁለተኛው ግፊት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ማርያማዊት በኋላው ወንበር ላይ ተጋድማ፣ ራሷ ጭኔ ላይ ሆኖ ወረድን። ላሊበላ እንደደረሰች ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም፤ እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅሁትም።

ወንበሩ ቆሽሿል።

የመኪናው ቁልፍ በመምሬ ተክለ ሚካኤል እጅ ነው። መኪናው ያስፈለገዎት እንደሆነ ምክንያትዎን በጽሑፍ ገልጸው ለቅሬው ማመልከት ይችላሉ፤ ማመልከቻ መጻፍ ከቸገረዎት እኔ ዘወትር ሾላው ሥር ነኝ። የልጅቱ ክርስትና በሰማንያኛ ቀኗ ነው፤ ክቡርነትዎም ተጠርተዋል። በእግርዎ ይምጡ፤ መኪናው የዚያን ዕለት ወላድ ሊያመላልስ ይችላል።